መብራት ሲጠፋ የጠራው በገና

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ ድምፅ ማጫወቻ ዕቃዎች የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ተጽፎ ማየት ብርቅ ነውና ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። አንዱን አንቀጽ ግን ልቤ አልተቀበለውም። በቤት የተሠራ ዳክ ያለው ሰው እሱን ሲጎረጉር ጊዜውንና ገንዘቡን ከሚጨርስ፣ 32 ቢት የሚል አዲስ ዕቃ ገዝቶ ቢገላገል ይሻለዋል የሚል ምክር አለበት። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ክረምት ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ዳክ ሠርተን ስናሻሽል ያየሁትና የሰማሁት ከዚህ ምክር ጋር አልገጥም ቢለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ዳክ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልናገር። ኮምፒውተርና ሞባይል ውስጥ ያለው ዘፈን ቁጥር ብቻ ነው። ሲዲ ላይ ለምሳሌ፣ ድምፁ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ተለክቶ ልኩ በ16 ቢት ቁጥር፣ ማለት 0 እና 1 ብቻ ባለበት ባለ 16 አሃዝ ቁጥር፣ ተጽፏል፤ ለግራ ለብቻ፣ ለቀኝ ለብቻ። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አይገባውም፤ የሚገባው ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ነው። ዳክ መሐል ላይ ሆኖ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሳል። በያንዳንዳችን ሞባይል ውስጥ አንድ አለ።

ልጁ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ይማራል፤ ክረምት ክረምት እኔ ዘንድ ይውላል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ደጁ ጭጋግ ብቻ ሆኖ ደንበኛ በጠፋበት ሰሞን፣ መደርደሪያ ሥር ከተጣሉት ሲዲ ማጫወቻዎች አንዱን ፈትቶ ስምንት እግር ያላት ቺፕ ይዞልኝ መጣ። ጀርባዋ ላይ ቲዲኤ 1543 የሚል ጽሑፍ አለ፤ ፊሊፕስ የሠራት 16 ቢት ዳክ ናት። «ጋሼ፣ ማጫወቻው ነው እንጂ የሞተው ይቺ ደህና ናት» አለኝ። ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ የሚመጣውን የሚቀበል ፒሲኤም 2706 የተባለ ቺፕ ያለበት ትንሽ ቦርድ አዲስ አበባ በሚመላለስ ጓደኛው በኩል አስመጣና ሁለቱን በሦስት ቀጫጭን ሽቦ አገናኛቸው። አንዱ ሽቦ ምቱን ያመጣል፣ አንዱ ግራና ቀኙን ይለያል፣ ሦስተኛው ቁጥሩን ራሱን ይሸከማል።

ሁለት ቀን ሙሉ ሽርርር ከሚል ጩኸት በቀር ምንም አልወጣውም። ብየዳውን ጠረጠርን፣ ሽቦውን ቀየርን፣ ኮምፒውተሩን ሳይቀር ቀየርን። በመጨረሻ ልጁ ሰነዱን አውርዶ ሲያነብ፣ እኛ የያዝናት ቺፕ ቁጥሯ መጨረሻ ላይ «ኤ» የሚል ፊደል ያላት ሆና ተገኘች። ባለ «ኤ»ዋ ቁጥሩን የምትቀበልበት አደራደር ሌላ ነው፤ ጃፓኖቹ የሚጠቀሙበት ነው። «ኤ» የሌለባትን ከሌላ ማጫወቻ ነቅለን ስናስገባ ወዲያው ዘፈነች። ይህን የምጽፈው ሌላ ልጅ እንደኛ ሁለት ቀን እንዳያጠፋ ነው።

ዘፈነች እንጂ ድምፁ ደስ አይልም ነበር። ይህን የነገሩን የኔታ ናቸው። የኔታ ከሱቄ ጀርባ ባለው ግቢ የሚኖሩ፣ ከመንዝ የመጡ አረጋዊ በገና ደርዳሪ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም እዚሁ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ሲደረድሩ በካሴት ቀድቻቸው ነበር። ካሴቱን ልጁ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦታልና መጀመሪያ የሞከርነው እሱን ነው። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥቂት አዳመጡና «ይሄ የኔ በገና አይደለም። እንዝራው የታለ?» አሉ።

ስለ በገና ትንሽ ካልተናገርኩ የኔታ ምን ማለታቸው እንደሆነ አይገባም። በገና ዐሥር አውታር አለው። በየአውታሩና አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ መካከል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካካ ያንን ዝዝዝ የሚለውን፣ ደረት ውስጥ የሚገባውን ነዛሪ ድምፅ ይሰጣል። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዷን እንዝራ ጥቂት ወደ ላይ፣ ጥቂት ወደ ታች እያደረገ ዝዝታውን ያገኘዋል፤ የኔታ ለዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሲፈጁ አይቻለሁ። ስለዚህ ከአንድ አውታር የሚወጣው አንድ ቃና ብቻ አይደለም፤ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በላይ በላዩ የተደራረበ ነው። ዳኩ ላይኛውን ካደነዘዘው ዝዝታው ይጠፋል፤ ታችኛውን ከቆረጠው ደግሞ በገናው ክራር ክራር ይላል። ዳክ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም።

ነገሩ የተገለጠልን ነሐሴ ላይ አንድ ማታ ነው። የሱቄ አምፕሊፋየር በ12 ቮልት ባትሪ ነው የሚሠራው፤ መብራት ስለማያስተማምን ድሮ ነው እንዲያ ያደረግኩት። የኔታ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ የካሴቱ ቅጂ ከላፕቶፑ ይጫወታል። መብራቱ ድርግም አለ። ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ቀጠለ፣ በገናውም አልተቋረጠም። ጨለማው ውስጥ የኔታ «እህ፣ አሁን መጣ» አሉ። እኔም ሰማሁት። ከድምፁ ሥር ተነጥፎ የነበረው ስስ ጥዝታ የለም። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ቦታ ባዶ ሆኗል፤ እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ የእንዝራው ዝዝታ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ሲያልቅ ይሰማል። ልጁ ሻማ ሊያበራ ሲነሳ «ቆይ፣ ተቀመጥ» አልኩት። ቅጂው እስኪያልቅ ሦስታችንም ከቦታችን አልተነሳንም።

መብራት ሲመጣ ጥዝታው አብሮ መጣ። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልነው፤ ጠፋ። ሰካነው፤ ተመለሰ። የዛሬ ቻርጀሮች ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጡ ነው የሚያሳንሱት፤ የዚያ መቆራረጥ ትርፍራፊ በዩኤስቢው 5 ቮልት ላይ ተሳፍሮ እስከ ቺፕዋ ይደርሳል። ቺፕዋ የምታወጣው ድምፅ ደግሞ ከምትበላው ኤሌክትሪክ የተቀዳ ነው። ምግቧ ቆሻሻ ከሆነ ቁጥሩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ድምፁ ንጹሕ አይወጣም።

ከዚያ ማታ ወዲያ ቺፕዋን ከዩኤስቢው 5 ቮልት ለየናት። ከሞተ ቴፕ 12 ቮልት ትራንስፎርመር (የመብራቱን ቮልት የሚያሳንስ) ነቀልን፣ አራት ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ)፣ አንድ ባለ 2200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ መወዛወዙን የሚያለዝብ)፣ ከዚያ ኤልኤም 317 ሬጉሌተር (ቮልቱን አንድ ልክ ላይ የሚይዝ)። በ240 እና በ1,200 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ዕቃ) 7.5 ቮልት እንዲያወጣ አደረግነው፤ ቺፕዋ እስከ 8 ቮልት ትቀበላለች። ካፓሲተሩን መጀመሪያ ከአንድ ሱቅ አዲስ ገዝተን ነበር፤ ላዩ ላይ 2200 ይላል፣ ስንለካው 900 እንኳ አልሞላም። ቴስተራችሁ ካፓሲተር የሚለካ ከሆነ ሳትለኩ አትበይዱ። ትራንስፎርመሩ ባለ 12 የሆነበት ምክንያት አለው። እኛ ሰፈር ማታ ማታ መብራቱ ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ በቴስተሬ አይቻለሁ። ያኔም ቢሆን ከሬጉሌተሩ በፊት 12 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ 317 ከሚያወጣው ሦስት ቮልት ያህል ከፍ ያለ ካገኘ ሥራውን አያጓድልም። ባለ 9 ብናደርገው ኖሮ መብራቱ በደከመ ቁጥር በገናው እምም ይል ነበር።

በዚህ ላይ ሁለት ትንንሽ ነገር ጨመርን፤ ሁለቱም ከወደቀ ሬዲዮ የተነቀሉ ናቸው። አንደኛው በ317 ማስተካከያ እግር ላይ የገባ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው። ሬጉሌተሩ ለብቻው የመጣለትን ረብሻ በ65 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅና የረብሻ መጠን ማወዳደሪያ ነው) ያህል ይጨቁናል፤ ይቺ ካፓሲተር ስትገባ ወደ 80 ይደርሳል። የተረፈው ረብሻ ከአምስት እጥፍ በላይ አነሰ ማለት ነው። ሁለተኛው 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ነው፤ በቺፕዋ አራተኛና አምስተኛ እግር ላይ፣ ሌላ ሽቦ ሳይገባበት፣ እግር ለእግር ተበየደ። ልጁ ቀድሞም አድርጎት ነበር፤ ግን አምስት ሴንቲ ሜትር ርቆ። ያቺ አምስት ሴንቲ ሜትር ሽቦ የካፓሲተሩን ጥቅም ታሳንሰዋለች።

ቦርዱን ከነትራንስፎርመሩ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ስናስገባው ሌላ እንግዳ መጣ፤ ወፍራም እምምም የሚል፣ የ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ) የመብራት ድምፅ። ትራንስፎርመሩን አውጥተን ክንድ ያህል ስናርቀው ጠፋ። አሁን ለብቻው ሌላ ቆርቆሮ አለው። ግራውንዶቹን (ኤሌክትሪኩ ወደ ምንጩ የሚመለስባቸውን ሽቦዎች) ሁሉ ደግሞ አንድ ነጥብ ላይ ሰበሰብናቸው፤ የዩኤስቢው፣ የሬጉሌተሩ፣ የቺፕዋ፣ የመውጫ ጃኩ ሁሉም እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ይገናኛሉ። ቀድሞ አንዱ ካንዱ እየተቀጣጠለ ነበር የሚሄደው። ቻርጀሩ ሲሰካ ትቀር የነበረችው የመጨረሻዋ ጥዝታ የጠፋችው በዚህ ነው።

አንድ ሳምንት ያህል ያስቸገረን ደግሞ ቆርቆሮው ሲነካ ቅጭ ቅጭ የሚል ነገር ነው። ለብየዳ የምናቀልጠው የሊድ ጭስ እንዳይጎዳን በሩን ከፍተን ነበር የምንበይደው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የነሐሴ ማታ ንፋሷን የሚያውቅ ያውቀዋል። 25 ዋት መበየጃችን ብዙ ሽቦ የተሰበሰበበትን የግራውንድ ነጥብ ማሞቅ አልቻለም። ሊዱ ላይ ላዩን ቀለጠ እንጂ ሥር አልያዘም። በአጉሊ መነጽር ስናየው አብረቅራቂ መሆን የሚገባው ግራጫ፣ ሸካራ ሆኖ፣ ዙሪያውን እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረበት። በ60 ዋት ደግመን በየድነው፤ ከዚያ ወዲህ ብንደበድበውም ድምፅ የለም።

«እንዝራው መጣ፤ ወፍራሞቹ አውታሮች ግን ርቀዋል» አሉ የኔታ በማግስቱ። ልክ ነበሩ። ልጁ መውጫው ላይ 104 የሚል ካፓሲተር አስገብቶ ነበር፤ 104 ማለት 0.1 ማይክሮፋራድ ነው። የአምፕሊፋየሬ መግቢያ 10 ኪሎ ኦም ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከ160 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እያሳነሱት ይሄዳሉ፤ በገና ሆዱ ያለው እዚያ ነው። ካፓሲተሩን ጨርሶ ማውጣት አይቻልም፤ ከቺፕዋ ድምፅ ጋር ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አብሮ ስለሚወጣ አምፕሊፋየሩን ያውካል። ወደ 4.7 ማይክሮፋራድ ስናሳድገው ግን መቁረጫው ከ4 ኸርዝ በታች ወረደ፤ ያ ደግሞ ጆሮ ከሚሰማው በታች ነው። በዚያው አጋጣሚ የቺፕዋን መውጫ ሬዚስተር ከ2.2 ወደ 1 ኪሎ ኦም አወረድነው። ልጁ ድምፁ ከፍ እንዲል ብሎ ነበር ያተለቀው፤ ቺፕዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ የምታወጣው 2.3 ሚሊ አምፔር ነውና ቀድሞ ከዩኤስቢው 5 ቮልት እየበላች 5 ቮልት ሊወጣባት ሲል ከፍተኛው ምት እየተቆረጠ ይሰነጠቅ ነበር። የኔታ «ሲያለቅስ ይሰነጠቃል» ያሉት ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው በሐቅ መመስከር ያለብኝ ነገር አለ። ዕቃ ስለቀየሩ ብቻ ድምፅ ይሻሻላል ብለው ገንዘብ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ፤ በዚህ እስማማለሁ። እኛም ሞክረነዋል። ልጁ ለድምፅ ተብሎ የተሠራ ነው የተባለ ውድ ካፓሲተር በ1,400 ብር ገዝቶ መጣ። ከተራው 4.7 ጋር በማብሪያ ማጥፊያ እየቀያየርን፣ የትኛው እንደሆነ ሳንነግር፣ ለየኔታ ዐሥር ጊዜ አሰማናቸው። አምስቱን አገኙ፣ አምስቱን ሳቱ፤ በግምት ከሚገኘው አይለይም። ቻርጀሩንና አዲሱን የቺፕዋን ኤሌክትሪክ መመገቢያ በዚያው መንገድ ስንፈትናቸው ዐሥሩንም አገኙ። የኔታ ስለ ቺፕ የሚያውቁት የለም፤ ጆሯቸውን ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያሠለጥኑት ኖረዋል። ስለዚህ ካፓሲተሩን ልጁ ለባለ ሱቁ መለሰ፣ እኛም እዚያ ላይ አቆምን።

አዲሶቹ ቺፖች በመለኪያ ይበልጣሉ መባሉም እውነት ነው። የኛዋ ቺፕ በዚህ ዓይነት ብቻዋን ስትሠራ 20,000 ኸርዝ ላይ 3 ዴሲቤል ያህል ታጎድላለች፤ 10,000 ላይ ግን ጉድለቱ አንድ ዴሲቤል አይሞላም። ከባዶ የሚነሳ ሰው አዲስ ቢገዛ አልቃወምም። የምቃወመው ያለውን ጣለው የሚለውን ነው። 16 ቢት በስሌት ከረብሻው እስከ ከፍተኛው ድምፅ 98 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይይዛል። የኔታ የተቀዱበት ተራ ካሴት 60 እንኳ አይሞላም። እንዲህ ላለ ቅጂ 32 ቢት ምን ይጨምርለታል? ጎተራ ስላሰፋን እህል አይበዛም። አንድ የሰፈራችን ወጣት የገዛውን 32 ቢት የሚል አዲስ ዕቃ ሱቄ አምጥቶት ነበር። በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ቻርጀር ሰካነው፤ ያችው ጥዝታ ነበረችበት። ቻርጀሩን ሲነቅል ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም፤ ገንዘቡ በከንቱ የጠፋ መስሎት ነበርና።

ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ልመና አለኝ። 104 ማለት ምን እንደሆነ፣ ግራውንድ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ያልያዘ ብየዳ ምን እንደሚመስል በአማርኛ የሚያስረዳ ግማሽ ገጽ በየሁለት ሳምንቱ ብታወጡ ብዙ ልጆች ይጠቀማሉ። የእህቴ ልጅ ሰነዱን በእንግሊዝኛ ስላነበበ ነው «ኤ»ዋን ያገኛት። በመንዝም፣ በመርሐቤቴም፣ በይፋትም እጁ የሚሠራ፣ ሰነዱ ግን የማይገባው ልጅ ሞልቷል።

ሌላው ስለ ካሴቶቹ ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ እንጉርጉሮ፣ የበገና መዝሙር የተቀዳባቸው ካሴቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ሌላ ቅጂ የላቸውም። አሁን ልጆች ወደ ላፕቶፕ እየገለበጧቸው ነው፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሲገለብጡ ያው ጥዝታ አብሮ ይገባና ከዚያ በኋላ አይወጣም። ዳኩን መቀየር ይቻላል፤ ከድምፁ ጋር የተቀዳን ረብሻ ግን ድምፁን ሳይነኩ ማውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ ካሴት የምትገለብጡ ሁሉ፣ የላፕቶፑን ባትሪ ሙሉና ቻርጀሩን ነቅላችሁ ገልብጡ። ምንም ወጪ የለውም። እኛም የየኔታን ካሴት በዚህ መልክ እንደገና ገልብጠነዋል፤ ለዐቢይ ጾም ደግሞ እሳቸውን ራሳቸውን በአዲስ ልንቀዳ ተስማምተናል።

የዳኩን ሥዕል ልጁ በእጁ ስሎታል። ገጽ ከተገኘለት እልካለሁ፤ ስታትሙት ግን አራተኛውና አምስተኛው እግር ላይ ያለችው ካፓሲተር በጉልህ እንድትታይ አደራ።

አክባሪያችሁ፣
ሬዲዮ ጠጋኙ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ